ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሁለት ደቂቃዎች

ሰርግ ላይ የክራር ደርዳሪ ስም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዘፈን ነው። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሙሽሮቹ ገብተዋል፤ አንዱ ሚዜ ጠጋ ብሎ «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይላል። ደርዳሪው ይሉኝታ ይይዘውና ክራሩን ከከረጢቱ እንዳወጣው ይጀምራል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርስ አንዱ ክር ይወርዳል። ዘፋኟ ድምጿን ወደ ክራሩ ልታስጠጋ ትሞክራለች፤ ኪቦርዱ ባለበት ነው፤ ደርዳሪው በአንድ እጁ እየመታ በሌላው መቃኛውን ያጠባብቃል። ጨፋሪው ላያስተውል ይችላል። ጥግ ይዞ የሚቀጥለውን ወር ሰርግ ለየትኛው ቡድን እንደሚሰጥ የሚያሰላው አባት ግን ያስተውላል።

ይህን የምጽፈው ጢቾ፣ አሰላ፣ በቆጂና ሮቤ በክራር እንጀራቸውን ለሚበሉ፣ በወረዳ የኪነት ቡድን ውስጥ ላሉና ገና ክራር ገዝተው ሰርግ ለመጠራት ለሚያስቡ ወጣቶች ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። ከዘፈኑ በፊት የምትመጣው አጭር ድርደራ ጌጥ አይደለችም፤ የሥራው ክፍል ናት። እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድማ ትዘጋጃለች፣ ትለመዳለች፣ ዋጋ ስትነጋገሩም ጊዜዋ ይቆረጥላታል።

ችግሩን የቀመስነው እኛ ብቻ አይደለንም። ከዐረቡ ዑድ የወረደው ሉት የሚባለው የአውሮፓ መሣሪያ ክሮቹ ከበግ አንጀት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጠሩ ነበር። በቅዝቃዜም በወበቅም ይፈታል። ዮሐን ማተዞን የተባለው ጀርመናዊ የሙዚቃ ጸሐፊ በ1713 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሉት መቺ ዕድሜ የሚያልቀው በመቃኘት ነው የሚል ሹፈት አትሞበታል። ሉት መቺዎቹ ግን ችግሩን ወደ ዜማ ለውጠውት ነበር። በ1508 ቬኒስ ውስጥ ፔትሩቺ ያተመው የጆአን አምብሮዚዮ ዳልዛ መጽሐፍ ውስጥ ክሮቹን ለመፈተሽ ብቻ የተጻፉ አጫጭር ድርደራዎች አሉ። ብዙዎቹን አንድ ሌላ፣ ትንሽ ረዘም ያለ ድርደራ ይከተላቸዋል። አድማጩ የሚሰማው ዜማ ነው፤ መቺው ግን ሥር ሥሩን ክሮቹን እየመረመረ ነው።

ይህ ልማድ እያደገ ሄዶ ቶካታ የሚባለውን ሰጠ። ቶካታ ቃል የለው፣ ጭፈራ የለው፤ መቺው ክሮቹን እየነካካ ጆሮ የሚያሰናዳበት ድርደራ ነው። በ1604 ካፕስበርገር የተባለው ሙዚቀኛ ቬኒስ ላይ ባሳተመው የኪታሮኔ መጽሐፍ ውስጥ ቶካታዎች አሉ፤ ኪታሮኔ አንገቱ በጣም የረዘመ የሉት ዘመድ ነው። በ1611 ደግሞ ሮም ላይ ለሉት የሚሆን አሳተመ። በ1623 አሌሳንድሮ ፒቺኒኒ ቦሎኛ ላይ ሌላ መጽሐፍ አወጣ፤ በመግቢያው ላይ ክር እንዴት እንደሚነካ መመሪያ ጽፎበታል።

ለታሪክ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር። የዳልዛ መጽሐፍ በታተመ በ12 ዓመቱ፣ በ1520፣ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ውስጥ ማኑኤል ደ ማሬስ የተባለ ኦርጋን መቺ ነበረበት። የእኛ በገና ደርዳሪዎች ያን ሰው ሰምተውት ቢሆን ስለ ቅኝቱ ምን ባሉ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ወደ ሥራችን እንመለስ።

ክራር ላይ መክፈቻ ድርደራ ከሁሉ በፊት የምትሠራው ማረፊያውን ማሳወቅ ነው። ይህን ብዙ ጀማሪ አይገምተውም። ሙሉ ትዝታ፣ ሙዚቀኞች ሜጀር የሚሉት፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። መቃኛውን ሳትነኩ ዶን ትታችሁ ላ ላይ እየተመለሳችሁ ብታርፉ ግን ጆሮ የሚሰማው ከባቲ ዓይነቶች አንዱን ነው፤ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል። ሁለቱን ቅኝቶች የሚለያቸው ክሩ ሳይሆን የምታርፉበት ቦታ ነው ማለት ነው። ሚ እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጉ ደግሞ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። በዚያው ላይ ሶልን ማረፊያ ካደረጋችሁ አምባሰል ይወጣል።

ስለዚህ አድማጩም ዘፋኟም ቅኝቱን የሚያውቁት ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች ድርደራ ነው። ዘፋኟ ትዝታ ልትል አፏን ከፍታ ሳለ እናንተ ላ ላይ ስትንገዋለሉ ብትቆዩ በሌላ ቅኝት ትገባባችኋለች፤ ጥፋቱም የእሷ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መክፈቻችሁን ከማረፊያው ክር ጀምሩ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሂዱ፤ በየአጭር ጊዜው ወደ እሱ ተመለሱ፤ ማብቂያውንም እሱ ላይ አድርጉት። ከማረፊያው ቀጥሎ ባለው ክር ላይ ብዙ አትቆዩ።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የተለመደው ክራር ስድስት ክር ብቻ ስላለው፣ ከሙሉ ትዝታ ሳይቃኙ ወደ ባቲ ሲሻገሩ ማረፊያው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ዜማው ወደ ላይ የሚሮጥበት ቦታ ያጥረዋል። ለአጭር መሸጋገሪያ ይበቃል። ዘፈኑ በሙሉ በባቲ የሚዘፈን ከሆነ ግን ቆም ብሎ መቃኘት ይሻላል። የዘፈኖቻችሁን ተራ ስትደለድሉ ይህን አስቡ። ሙሉ ትዝታውንና ባቲውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ፤ ሁለት ክር ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ግማሽ ትዝታና ወደ አምባሰል ውረዱ። አንቺ ሆዬን ግን ለብቻው አስቀምጡት። ከሙሉ ትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመግባት ሦስት ክር መነካት አለበት፤ ሬ ዝቅ ይላል፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል፣ ሶል ዝቅ ይላል። በሞቀ ጭፈራ መሐል ሦስት ክር መቃኘት ውርደት ነው። ከምግብ በኋላ ወይም ሙሽሮቹ ልብስ ሲቀይሩ ቃኙና ቀጣዩን በእሱ ክፈቱ።

አሁን ወደ አየሩ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከጭላሎ፣ ከጋላማና ከካካ የሚወርደው ብርድ ጢቾንም አይምርም። ብርዱን ለክራር ክፉ የሚያደርገው ግን ብርድነቱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ምሽት ውስጥ መለዋወጡ ነው። ክራሩ በውጭ ብርድ ተሳፍሮ ይመጣል፤ ከዚያ ሰው የተፋፈነበት፣ ምግብ የሚበስልበት፣ ትንፋሽና እንፋሎት የሞላበት ዳስ ውስጥ ይገባል። የሽቦ ክር ሲሞቅ ይለጠጥና ድምፁ ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። ናይሎኑም ቢሆን ለሙቀት ይፈታል። ከክሩ የባሰው ቆዳው ነው። የክራሩ ፊት ቆዳ ከሆነ እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ የክሩ መሸከሚያ አብሮ ዝቅ ይላል፤ ሁሉም ክር ባንዴ ይወርዳል። እሳት አጠገብ ብታስቀምጡት ደግሞ ቆዳው ይወጠርና ሁሉም ይወጣል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል።

እንግዲህ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ክራሩን ከመመታቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ወደሚመታበት ቦታ ማስገባት ነው። ከእሳትም ከበርም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከዳሱ አየር ጋር ይላመድ። ሲላመድ ቃኙት። ከዚያ በመክፈቻው ድርደራ ትፈትሹታላችሁ እንጂ አትቃኙበትም። ቀንበሩ ላይ ክሩን የምታጠብቁት በጨርቅ ወይም በጠፍር ጥምጥም ከሆነ፣ ክሩን ከሚፈለገው ድምፅ በታች አውርዳችሁ ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ድረሱበት። ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ ጥምጥሙ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ጠንካራ ምት ካረፈበት በኋላ ይንሸራተታል። አዲስ ክር ለሰርግ ቀን አይገጠምም። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ገጥማችሁ ቤት ውስጥ ምቱት፤ ይጎተት፣ ይርጋ። መለዋወጫ ክር ግን በኪሳችሁ አይታጣ።

የስልክ መቃኛን የሚንቁ አንጋፋ ደርዳሪዎች አሉ። ዳሱ ሲንጫጫ ጆሮ ብቻ አይበቃም፤ ስልኩ ያግዛል። ነገር ግን ስልኩ የሚያውቀው የፒያኖውን እኩል ግማሽ ድምፅ ነው፤ አንቺ ሆዬንና አምባሰልን በቆየው ጣዕም የሚቃኝ ሰው ከዚያ ሲያፈነግጥ ስልኩ «ተሳስተሃል» ይለዋል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ኪቦርድ ካለ በኪቦርዱ ቃኙ፤ አለበለዚያ አብሮ አይሄድም። ክራርና ከበሮ ብቻ ከሆነ ማረፊያውን ክር በስልክ፣ ሌሎቹን በጆሮ ቃኙ።

ቀጥሎ ዘፋኟ አለች። ብዙ ደርዳሪ ክራሩን በለመደው ድምፅ ቃኝቶ ዘፋኝ እንዲከተለው ይጠብቃል። ሊሆን የሚገባው ተቃራኒው ነው። ቀን ላይ ዘፈኑን በዝግታ እንድታንጎራጉር ጠይቋት፤ ከሁሉ ከፍ የሚለው ስንኝ ላይ ስትደርስ አድምጡ። እዚያ ላይ ከጮኸች ወይም አንገቷ ከተወጠረ ማረፊያውን ዝቅ አድርጉላት። ማታ ላይ ድምፅ ይደክማል፤ ብርድም ይይዘዋል፤ ቀን የተስማማችሁበትን ማታ ጥቂት ማውረድ ነውር አይደለም። መክፈቻው ላይ ደግሞ የመጀመሪያ ስንኟ የሚነሳበትን ክር በግልጽ ሁለት ጊዜ ስጧት። ሁለተኛው ምት ካለቀ በኋላ አትቸኩሉ፤ ትንፋሽ ታውጣ፣ ትግባ።

እንዲህ ስል «ሰርግ ላይ ማን ይህን ሁሉ ይጠብቃል?» የሚለኝ ይኖራል። መልሱን የሰጠን ፍሬስኮባልዲ የተባለው የቶካታ ደራሲ ነው። እሱ የኪቦርድ ሰው እንጂ የሉት ሰው አይደለም፤ በ1615 ሮም ላይ ያሳተመው የቶካታ መጽሐፍ መግቢያ ግን ለእኛም ይሠራል። ቶካታው ሲጀመር በዝግታ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ እንዲሆን ይመክራል። ከዚያም ክፍሎቹ ሊነጣጠሉ እንደሚችሉ፣ መቺው ሙሉውን ለመጨረስ ግዴታ እንደሌለበትና በፈለገው ማብቂያ ላይ ሊያቆም እንደሚችል ይፈቅዳል።

ይህን ተቀበሉት። መክፈቻችሁን ሦስት ቦታ ላይ መቁረጥ እንዲቻል አድርጋችሁ ሥሩ። መጀመሪያ ክሮቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩሉ፣ ከማረፊያው ጀምሮ የምትከፍቱበት ይሁን፤ ይህ ሃያ ሰከንድ ያህል ነው፤ የወረደ ክር ካለ የሚታወቀውም እዚህ ነው። ቀጥሎ የዘፈኑን ዜማ የምታስታውስ አጭር ሐረግ ትምጣ፤ ሙሉውን ግን አትስጡ፤ ጆሮ ይጠባበቅ። ከዚያ በኋላ ምቱን የምታስገቡበት ክፍል ይመጣል፤ እጃችሁ ወደ ዘፈኑ ፍጥነት ይገባል፤ ከበሮው ይከተላችኋል። ሚዜው ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ዓይኑን ካፈጠጠ በማረፊያው ክር ዝጉና ወደ ዘፈኑ ግቡ። ጊዜ ካለ ሁሉንም ምቱ። ክር የወረደ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውን ደግሙት፤ ሲደገም አንድ እጃችሁ ያጠብቃል፤ ሰው የሚሰማው ድርደራ ነው። ክር እያስተካከላችሁ መሆኑን ማንም አይጠረጥርም።

ይህን የመጨረሻውን ተለማመዱት። ግራ እጃችሁ ክሮችን እየገታና እየለቀቀ፣ ቀኛችሁ በጠፍር ወይም በፕላስቲክ መምቻ እየመታ ሳለ፣ አንዱን ክር በክፍት ድምፁ አውጥታችሁ ከማረፊያው ጋር አስተያዩት። ጀማሪ ይህን ለማድረግ መምታቱን ያቋርጣል፤ ልምድ ያለው ግን ሳያቋርጥ ያደርገዋል። ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ጓደኛችሁ አንዱን ክር ሆን ብሎ ያውርድባችሁ፤ የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ በመክፈቻው አግኙት።

ሞንታርቦ ባለበት ሁሉ ሌላ ጣጣ አለ። ክራሩ ፒካፕ ካለው የመጀመሪያዎቹ ምቶች ለድምፅ ባለሙያውም ናቸው። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ቀጥሎ በዘፈኑ ላይ የምትመቱትን ያህል አጠንክራችሁ አሰሙት፤ ቀስ ያለውን ብቻ ሰምቶ ከፍ ካደረገው ዘፈኑ ሲጋጋል ይጮህባችኋል። ሞንታርቦው ከኋላችሁ ከሆነ ወደ ጎን ተቀመጡ፤ ድምፁ በክራሩ ሆድ ውስጥ ተመልሶ እየገባ ያፏጫል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ ባለው ጸጥታ ያለ ማይክ መክፈቻውን ምቱ። ከቻላችሁ ይህ የምሽቱ ምርጥ ጊዜ ይሆናል፤ ሰዉ ባንዴ ዝም ብሎ ያዳምጣችኋል።

ስለ ጢቾ ሰርጎች ደግሞ ጥቂት ልበል። ጢቾ በቀድሞው የአርሲ ክፍለ ሀገር ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር አውራጃ ነበረች፤ ዛሬም የዙሪያው ሰው ለገበያም ለሰርግም ይሰባሰብባታል። አንዱ ሰርግ ላይ ኦሮምኛም አማርኛም ይዘፈናል። ከአገር ሽማግሌዎቹ ጋር ስትነጋገሩ «ኦቦ» ማለትን አትርሱ፤ «ጋሼ» የሚባለውንም በስሙ ብቻ አትጥሩት። ኦሮምኛውን ዘፈን ዘፋኙ ብዙ ጊዜ በራሱ ድምፅ አንስቶ ሕዝቡ ይቀበለዋል፤ ክራሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። እዚህ ላይ መክፈቻችሁን ቆጥቡት። ዘፋኙ ሲጀምር ማረፊያውን በጆሮ ያዙ፤ አንድ ክር ብቻ እየነካችሁ ተከተሉት፤ ቅኝታችሁ ካልገጠመ ለአንድ ዙር ዝም በሉ። ሳይገጥም ከመግባት ዝም ማለት ይከበራል።

በአርሲ ብዙ ቤተሰብ ሙስሊም ነው። አንዳንዱ ቤት ክራርና ጭፈራ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ መንዙማ ብቻ። ይህ ዕለቱን የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ ቀብድ ስትቀበሉ በግልጽ ጠይቁ። አዛን ሲሰማ መክፈቻ አይጀመርም፤ ተጀምሮም ከሆነ ይቆማል። እዚህ ላይ ደግሞ የፍሬስኮባልዲ ፈቃድ ይረዳችኋል፤ የትም ቦታ ላይ ማብቂያ አላችሁ።

ቀብድ ካነሳን ዘንድ፣ ስምምነቱ ላይ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙ ቡድን የሚነጋገረው ስለ ሰዓቱና ስለ ብሩ ብቻ ነው። እናንተ ጨምሩ፤ «ጋሼ፣ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት ቦታችን ላይ እንድንቀመጥ ይፈቀድልን፤ ከዚያም ስንጀምር ሁለት ደቂቃ ክራር ብቻ ይሰማ» በሉ። አንዴ ካስረዳችኋቸው እንቢ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሳትነግሩት ዝም ብላችሁ ሁለት ደቂቃ ብትደረድሩ ግን ባለሰርጉ «እነዚህ ልጆች ገና እየተዘጋጁ ነው» ብሎ ይበሳጫል። ተራ መሪው ወይም አስተዋዋቂው ክራሩን በስም እንዲጠራው አድርጉ፤ «አሁን ክራር» ሲባል ሰዉ ዞሮ ያያል፤ ቀጥሎ የምትመቱት ሁሉ ትርኢት ይሆናል።

ማሲንቆ ያለው ቡድን ውስጥ መክፈቻውን ለማሲንቆ መስጠት ይቻላል፤ አንድ ክር ብቻ ስለሆነች ለመፈተሽ አታስቸግርም። የማሲንቆው መክፈቻ የሚፈትሸው የደጋኑን ጭራ ነው፤ ዕጣኑን በደንብ ካልያዘ ያንሸራትታል። ማሲንቆና ክራር አብረው ሲከፍቱ ግን አንዱ ብቻ ይሂድ፤ ሌላው ማረፊያውን ብቻ ይንካ።

በገና የሌላ ዓለም ነው። ለጭፈራ አይመታም፤ ቦታው ጾምና ጸሎት ነው፤ በዐቢይ ጾም ሰርግ ሲቆም የበገና ደርዳሪዎች ሥራ ይበዛል። በገና አሥር አውታር አለው፤ ብዙ ደርዳሪዎች ግን የሚነኩት ከአሥሩ የተወሰኑትን ነው። ሲቃኝ ዋናው አድካሚ ነገር እንዚራው ነው፤ በርኩማው ላይ አውታሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ። ጥቂት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ካልተንቀሳቀሰች ያ የሚንዘረዘረው ድምፅ አይወጣም፤ አውታሩ ይፈዛል። በገና የያዘ ሰው ምእመናን ከመሰባሰባቸው በፊት ይህን በጸጥታ ይጨርስ። ምዕራፍ መሐል ላይ እንዚራ ማስተካከል አይቻልም። በገና ላይ ከስንኝ በፊትና በስንኞች መካከል የሚደረደረው ክፍል ደግሞ ለእኛ ለክራሮች ትልቅ ትምህርት ነው፤ አይቸኩልም፣ ወደ ማረፊያው ይመላለሳል፣ አድማጩን ወደ ውስጥ ይስባል።

ለመስማት የምመክራችሁ ሁለት አሉ። በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም 11ኛው ላይ የዓለሙ አጋ በገና አለ፤ ዓለሙ በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ያስተማሩ ናቸው። 16ኛው የአስናቀች ወርቁ ነው። አስናቀች ክራሯን ስትጀምር ስንት ጊዜ ማረፊያው ላይ እንደምትመለስ ቁጠሩ፤ ከዚያ በየትኛው ክር ላይ ድምፅዋን እንደምታስገባ አስተውሉ። እነዚህን ለመኮረጅ አትሞክሩ፤ የሚሠሩበትን መንገድ ብቻ ያዙ። ስትለማመዱ ደግሞ ለአራቱም ቅኝቶች አንድ አንድ መክፈቻ ይኑራችሁ፤ ለትዝታና ለባቲ ሁለት ሁለት ብታደርጉ ሌላ ነገር ነው፤ ምሽቱን ሙሉ ያው ድርደራ ከተሰማ ሰዉ የሰለቸው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይሰለቻል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በ1536 ሚላን ላይ ካስቴሊዮኖ ባሳተመው የሉት መጽሐፍ ውስጥ፣ የጭፈራ ዜማዎችን ተከትሎ የሚመጣው ቶካታ በጭፈራው ፍጻሜ የሚመታ ተብሎ ነው የተጻፈው። የዚያ ዘመን ቶካታ መክፈቻ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ መውጫም ነበረ። ይህ ለሰርግ ሥራ ይጠቅማል። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ብዙ ቡድን ሞንታርቦውን ነቅሎ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ጨፋሪ ገና መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ግራ ይጋባል። በዚህ ፋንታ ከበሮው ሲቆም ክራሩ ብቻውን፣ በዚያው ቅኝት፣ ከዘፈኑ ፍጥነት ቀስ በቀስ እየወረደ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት የሚነሱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ክራሩ ሥር ሥሩን እየደረደረ ይቆይላቸውና ምርቃቱ ሲጀመር ይቁም። ከምርቃት በላይ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ክሮቹን ግማሽ ድምፅ ያህል አላሉ፤ ክራሩን ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት፤ የዳሱ ሙቀት ከላዩ እስኪበርድለት ድረስ ጥቂት ጠብቁና ወደ ብርዱ ይዛችሁት ውጡ።